ይሉኝታና የመጀመሪያው ደንበኛ

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ከፊሎቹ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከፊሎቹ ጃንጥላ ሥር። ድሮ ከሩቅ ይሰማ የነበረው የጽሕፈት መኪና ድምፅ ዛሬ የለም፤ ቦታውን ላፕቶፕና ፕሪንተር ወስደውታል። ከአንደኛው ጸሐፊ ፊት ጋቢ የለበሱ አዛውንት ተቀመጡና ከፌስታል ውስጥ የተጣጠፉ ወረቀቶች አውጥተው ሰጡት። ጸሐፊው አንድ በአንድ አነበበ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀ። እጁን ወደ ኪቦርዱ ሳይሰድ ዋጋውን ተናገረ።

«በዛ፣ ልጄ» አሉ አዛውንቱ።

«አባቴ፣ የበፊቱን ማመልከቻ አየሁት። የተከሳሹ ስም አንዱ ገጽ ላይ ሌላ ነው፤ ቀኑም አይገጥምም። የተመለሰብዎት ለዚህ ነው። እኔ የምጽፍልዎት ዳግመኛ እንዳይመለስ አድርጌ ነው። ግማሹን አሁን ይስጡኝ፤ ግማሹን አንብቤልዎት ሲስማሙበት።»

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር ገንዘባቸውን አውጥተው ቆጠሩለት።

እዚያ የተገኘሁት ለራሴ ጉዳይ ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ ግን ለብዙ ወጣቶች ስመልሰው የኖርኩት ጥያቄ በሌላ መልክ ታየኝ። በትርጉምና በአርትዖት ሥራ ለዓመታት ያለ ቋሚ ደመወዝ ስለኖርኩ፣ ቋሚ ሥራ ያጡም ሆኑ ከቋሚ ሥራ መውጣት የሚፈልጉ ልጆች ይጠይቁኛል፤ «የመጀመሪያውን ደንበኛ እንዴት ነው የማገኘው?» አብዛኞቹ የሚጠብቁት መልስ የአንድ ድረ ገጽ ስም ወይም አንድ ተጨማሪ ሰርተፍኬት ነው። ያ ጸሐፊ ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር አደረገ፤ ደንበኛው ከሚመጣበት ቦታ ተቀመጠ፣ ዋጋውን ሳይሽኮረመም ተናገረ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀብድ ተቀበለ። በዛሬ አነጋገር ፍሪላንሰር ነው፤ ቃሉ እኛ ዘንድ ሳይደርስ በፊት በዚህ መንገድ ልጆች ያሳደጉ ሰዎች ወራሽ ነው።

ብዙ የተማረ ወጣት እነዚህን ሦስት ነገሮች ማድረግ ያቅተዋል። ያየኋቸው ልጆች ችሎታ አይጎድላቸውም፤ ከብዙዎቹ የተማርኩት አለ። ያሰራቸው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ አብሮ ለመኖር የሚጠቅመን የባህላችን ጌጥ ነው፤ ትልቅ ሰው እንድናከብር፣ የሰው ፊት እንዳናሳፍር ያደርገናል። ወደ ሥራ ውል ሲገባ ግን ሦስት ቦታ ላይ ያሰናክላል፤ ሥራ ስንጠይቅ፣ ዋጋ ስንናገር፣ ገንዘባችንን ስንቀበል። የመጀመሪያው ደንበኛ ከእነዚህ ሦስት በሮች በስተጀርባ ነው ያለው።

ሥራ መጠየቅ

አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ግራፊክ ዲዛይን ተምራ ከጨረሰች በኋላ አራት ወር ሙሉ አፕወርክና ፋይቨር ላይ ደንበኛ ስትጠብቅ ከረመች። ሁለቱም ለብዙ አገር ባለሙያ እንጀራ የሆኑ የኢንተርኔት ገበያዎች ናቸው። ፋይቨር በ2010 እ.ኤ.አ. ሲጀመር እያንዳንዱ ሥራ በ5 ዶላር ይሸጥበት ስለነበር ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ባለሙያው 100 ዶላር ሲሠራ 20ውን ድርጅቱ ይወስዳል። አፕወርክ ላይ ደግሞ ለአንድ ሥራ ለማመልከት «ኮኔክት» የሚባል ማመልከቻ መክፈያ ያስፈልጋል፤ አንዱ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ለአንድ ማመልከቻ ብዙ ኮኔክት ሊጠየቅ ይችላል። ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው የአዲስ አበባ ወጣት ይህን መግዛቱ ራሱ ችግር ነው። የገዛውም ቢሆን ከማኒላ፣ ከላሆርና ከናይሮቢ በመቶ የሚቆጠር የሥራ ምስክርነት ካከማቹ ሰዎች ጋር ተሰልፎ፣ አንድም ምስክር ሳይኖረው ይወዳደራል። እዚያ የሚገዛ ሰው ፊትህን አያውቅም፤ የሚያየው ከስምህ ጎን ያሉትን ኮከቦች ነው። ኮከብ ለሌለው ያ ገበያ ሁለተኛው ደረጃ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ልጅቷ በየቀኑ ማመልከቻ የምትልከው ገርጂ ካለ አንድ ካፌ ተቀምጣ፣ በካፌው ዋይፋይ ነበር። የካፌው ሜኑ ከጠረጴዛው ላይ አይጠፋም። ዋጋዎቹ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ፣ በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎ፣ በላዩ ደግሞ በእስክሪብቶ ተስርዞ ተጽፎበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ የዘይቱም፣ የቡናውም፣ የስኳሩም ዋጋ አብሮ ተንቀሳቅሷል፤ ሜኑውም ያን ሁሉ ለውጥ ጀርባው ላይ ተሸክሟል። አራት ወር ሙሉ ደንበኛ ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻግራ ስታይ ሥራው ከማኪያቶዋ ሥር ነበር።

ይህንን አንድ ቀን ስነግራት የመለሰችልኝ መልስ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። «አይቼዋለሁ፤ ግን የካፌዋን ባለቤት እንዴት ብዬ ነው ሥራ ስጡኝ የምላቸው? የለመንኩ ይመስላል።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሥራ መጠየቅን ከልመና ጋር ያገናኘው ምንድን ነው? አሳዳጊዎቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ዝምታን አስተምረውናል፤ ሰው ሥራህን አይቶ እስኪጠራህ መጠበቅ ጨዋነት ነው ተብለናል። ለማኝ ግን የሚሰጠው ነገር የለውም፤ የሚጠይቀው ከሌላው ኪስ ነው። ባለሙያ የሰው ችግር አይቶ መፍትሔውን ይዞ ይቀርባል። ልዩነቱ የሚታየው በአነጋገሩ ነው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» ብሎ የጀመረ ሰው ከመጀመሪያው ቃል አስቸጋሪ መሆኑን ተናግሯል። ልጅቷ በመጨረሻ የሄደችው ሌላ ዓረፍተ ነገር ይዛ ነው። «እትዬ፣ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ወረቀት ከሚለጥፉ ዋጋው ብቻ ተነጥሎ የሚቀየርበት ሜኑ ልሠራልዎት እችላለሁ። የአንዱን ገጽ ናሙና ሠርቼ አምጥቻለሁ፤ ይዩት።» ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ናሙናውን አገላበጡት። የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛ ከዚህ ርቆ አይገኝም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል ለንግድም ይሠራል። ሥራ ልጀምር ያለ ሰው አንድ ምሽት ተቀምጦ፣ ሥራውን ያዩ ወይም ጠባዩን የሚያውቁ የ20 ሰዎች ስም ይጻፍ፤ የክፍል ጓደኞች፣ ልምምድ የወጣበት ቢሮ ኃላፊ፣ የቀድሞ አለቃ፣ የሰፈር ባለሱቅ፣ የአጎት ወይም የአክስት ድርጅት፣ የማኅበርና የዕቁብ አባላት። የሒሳብ ባለሙያ ከሆነ የእድሩን ጸሐፊ አይርሳ፤ የስንት እድር መዝገብ አሁንም በአሮጌ ደብተር ላይ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ አራት ዓረፍተ ነገር ይላክለት፤ ምን እንዳየሁ፣ ምን መሥራት እንደምችል፣ በስንት ቀን እንደምጨርስ፣ የሠራሁት ናሙና የት እንደሚታይ። ስልክ ደውሎ «ሥራ ካገኘህ አስታውሰኝ» ማለት ግን ለማንም ምንም አይነግርም። ሰው የሚያስታውሰው ቁርጥ ያለ ነገር ነው፤ «የሠርግ ጥሪ ካርድ እሠራለሁ»፣ «የምርምር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ»፣ «የሱቅ ሒሳብ በወር በወር እዘጋለሁ»።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ከዚሁ የቅርብ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዚያ አካባቢ ምግብ ቤት የከፈተ፣ ማኅበር የሚመራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ላላት ተርጓሚ አማርኛዋ ራሱ ሌሎች ተወዳዳሪዎች የሌላቸው ዕቃ ነው። ውጭ አገር ለመሥራት የሚፈልግም ቢሆን ፊቱን ከሚያውቅ ይጀምር።

ዋጋ መናገር

«ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ያለው ዝምታ ብዙ ሥራ አበላሽቷል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው «ደስ ያለዎትን»፣ «ለእርስዎማ ምን እላለሁ»፣ «የመሰለዎትን ይስጡኝ» የሚሉት ቃላት የሚወጡት። ትሕትና ይመስላሉ። ውጤታቸው ግን ደንበኛውን ማስጨነቅ ነው፤ ብዙ ቢሰጥ ተሞኘሁ ይላል፣ ጥቂት ቢሰጥ አሳፈርኩት ይላል፣ ስለዚህ ሥራውን ይተወዋል ወይም ለሌላ ይሰጠዋል። ባለሙያውም ያልጠቀሰውን ዋጋ ሳያገኝ ሲቀር ልቡ ይሻክራል። «ቁርጥ ያጠግባል» ይባላል። ቁርጡ የታወቀ ዋጋ ለሁለቱም ወገን እረፍት ነው።

ዋጋን ከሰማይ መጥራት አይቻልም፤ ከራስ ወጪ ይነሣል። ለምሳሌ የአንድ ሰው የወር ወጪ፣ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔትና ላፕቶፑ ሲያረጅ መተኪያ ተደምሮ 30 ሺህ ብር ነው እንበል። ለሕመም፣ ለበዓልና ሥራ ለሚጠፋባቸው ሳምንታት 6 ሺህ ይጨምርበት፤ 36 ሺህ ሆነ። ተቀጣሪ በወር ለ26 ቀን ሥራ ይከፈለው ይሆናል። ለብቻው የሚሠራ ሰው ግን ደንበኛ ፍለጋው፣ ስብሰባው፣ እርማቱ፣ መብራት የጠፋበት ቀን ሁሉ የሚከፈልበት አይደለም፤ በወር 12 ቀን የተከፈለበት ሥራ ካገኘ ጥሩ ነው። 36 ሺህ ለ12 ሲካፈል የአንድ ቀን ዋጋው 3 ሺህ ብር ነው። ከዚህ በታች የተቀበለ ቀን ሁሉ ከእናቱ ጓዳ ወይም ከነገ ጤናው የተበደረ ነው። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው፤ ግብሩም ሲደመርበት ከፍ ይላል።

የጎረቤቴ ልጅ ይህን ስሌት ሳትሠራ ልትጠራ ያሰበችው 1,500 ብር ነበር። «ትንሽ ሥራ ነው» አለች። ናሙናው፣ ፎቶ ማንሳቱ፣ ጽሑፉን ማረሙ፣ ማተሚያ ቤት ሄዶ ወረቀት መምረጡ ሲቆጠር ግን ሁለት ሙሉ ቀን ሆነ። 6 ሺህ ጠራች። የካፌዋ ባለቤት ተከራከሩ፤ ንግድ የሚያውቁ ሴት ናቸውና ካልተከራከሩ ይገርም ነበር። ልጅቷ አንድ ነገር አደረገች፤ ዋጋውን ስትቀንስ ሥራውንም ቀነሰች። «5 ሺህ ከሆነ ፎቶዎቹን እርስዎ በስልክዎ ያንሱልኝ፤ እኔ አስተካክላቸዋለሁ።» ተስማሙ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ትልቅ ሕግ ነው። ሥራው ሳይነካ ዋጋው ብቻ የወረደ እንደሆነ ደንበኛው የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት ነበር ብሎ ይደመድማል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ከዚያ ያወርዳል።

ስለ ነጻ ሥራም መናገር አለብኝ። «ለስምህ ይጠቅምሃል፤ መጀመሪያ በነጻ ሥራልን፣ በኋላ ትልቅ ሥራ አለን» የሚለውን ያልሰማ ጀማሪ የለም። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሁሉ ይህን ሲጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ነው፤ በነጻ የሚሠራ ሥራ አንተ የመረጥከው ይሁን፤ ሌላው የመረጠልህ አይሁን። ለእናት ወይም ለእድር በፈቃድ የተሠራ ሥራ በረከት አለው። ናሙና የሚያስፈልግ ከሆነ ማንም ሳያዝህ ለራስህ ሥራ፤ የሰፈርህን ዳቦ ቤት ምልክት እንደገና ንደፍ፣ አንድ የመንግሥት መመሪያ ወደ ቀላል አማርኛ መልስና አሳይ። ለዘመድም ቅናሽ ሲደረግ ሙሉ ዋጋው በወረቀት ላይ ይጻፍና ቅናሹ ከሥሩ ይታይ፤ ዘመዱ ስጦታ እንደተቀበለ ይወቅ። ዋጋው ያልታወቀ ስጦታ ስጦታ መሆኑ ይረሳል።

ገንዘብን መቀበል

የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ ያገናኘኝ ድርጅት ከ40 ገጽ በላይ የሆነ የሥልጠና መመሪያ እንድተረጉም ሰጠኝ። የመጀመሪያዬ ትልቅ ሥራ ነበርና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ውል አልጠየቅኩም፤ ጓደኛዬን እንዳላምን ያስመስላል ብዬ። ቀብድም አልጠየቅኩም፤ የተቸገርኩ ያስመስላል ብዬ። ሌሊት ሌሊት ሠርቼ በ17 ቀን አስረከብኩ። ከዚያ እርማት መጣ፣ ከእርማቱ በኋላ ሌላ እርማት፣ ከዚያ መጀመሪያ ያልነበረ ምዕራፍ ተጨመረ። ገንዘቡ የተከፈለኝ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው፤ እሱም ግማሹ። ከሁሉ የከፋው ያ አይደለም። ከጓደኛዬ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃተን ያን ጊዜ ነው። ጓደኝነቱን ለማዳን ብዬ የተውኩት ወረቀት ጓደኝነቱን አሳጣኝ።

ቀብድ ባዕድ ልማድ ቢሆን ኖሮ ማፈራችን ባልገረመኝ። መርካቶ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ይጠይቃል። እንጨት ሠሪው ሳንቃ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቃል። ቤት የሚያከራይ፣ ድንኳን የሚያከራይ፣ በሬ የሚሸጥ ሁሉ ይጠይቃል። ሕጉም ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይደነግጋል፤ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ሁለቱንም ወገን እኩል ያስራል፤ ባለሙያውም ቀብድ ወስዶ እንዳይጠፋ። እንግዲህ ልብስ ሰፊው በልበ ሙሉነት የሚጠይቀውን፣ ሕግ የሚያከብረውን ነገር ዲግሪ የያዘ ሰው ለምን ያፍርበታል?

ውል ማለት ደግሞ አሥር ገጽ በማኅተም ማለት አይደለም። በአገራችን ሕግ አብዛኛው ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ ጠብ ሲነሣ ግን አፍ አይመሰክርም። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፤ ስንት ጊዜ በነጻ እንደሚታረምና ከዚያ በላይ ያለው እርማት ስንት እንደሚያስከፍል፤ መቼ እንደሚያልቅ፤ ስንት ብር እንደሆነ፤ ቀብዱ ስንት፣ ቀሪው መቼ፤ ዋናው ፋይል የማን እንደሚሆን። ወረቀት ማስፈረም ከከበደ በቴሌግራም «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብሎ እነዚህን ስድስት ነገሮች ጽፎ ልኮ «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ መቀበል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን አለ፤ ቀብድ ለመክፈል ባንክ ድረስ መሄድ የለም።

ይህን ሁሉ ማድረግ የግድ የሚለው ሌላም ምክንያት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ ሙያና ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሥራ የሚሠራን ሰው ውል አይሸፍንም። የሕመም ፈቃድ፣ የዓመት ዕረፍት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚባል ነገር ለእሱ የለም። ያለው ጥበቃ ያው ራሱ የጻፈው ውል ነው።

ብቻውን የማይፈታው

ሁሉንም ጥፋት በወጣቱ ይሉኝታ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ደፍሮ የጠየቀ፣ ዋጋውን የጠራ፣ ውሉን የጻፈ ልጅም የሚጋጨው ግንብ አለ።

አንደኛው ደረሰኝ ነው። ድርጅት ሲባል ያለ ደረሰኝና ያለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መክፈል ይከብደዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መለያ ቁጥሩን ላላቀረበ አገልግሎት ሰጪ ከክፍያው 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ያዘዘ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለወጣለት የወቅቱን ልክና የፈቃዱን ዓይነት ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። ከግለሰብና ከትንሽ ሱቅ ጀምሮ ወደ ድርጅት ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ ትልቁ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት መለያ ቁጥሩን ያውጣ። ደንበኛው ከደረሰ በኋላ ለወረቀት የሚሯሯጥ ሰው ሥራውን ለተዘጋጀው ይለቃል።

ሁለተኛው መስመሩ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲቋረጥና ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ከውጭ ደንበኛ ጋር ቀን ቆርጠው ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ለምን እንደጠፉ እንኳ ማስረዳት አልቻሉም። ለሌላው ሰው የኢንተርኔት መቋረጥ ችግር ነው፤ ለእነሱ ግን ዓመታት የለፉበት ስም ነው የሚጠፋው። ፔይፓልን የመሰለ ዓለም የለመደው መንገድም ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ ለመቀበል ሳያገለግል ኖሯል፤ ሥራው አልቆ ክፍያው የሚመጣበት በር የጠፋበት ባለሙያ ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛው ትምህርቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ድረ ገጽ መሥራትን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት በነጻ ያስተምራል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ኮድ መጻፍ የተማረ ወጣት ሁሉ የሚቀጥረው ድርጅት አያገኝም፤ ብዙው ለራሱ ደንበኛ መፈለግ አለበት። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የሙያ ተቋማት አንድ ወር ሙሉ ዋጋ ማስላት፣ ውል መጻፍ፣ ሥራ መጠየቅ ቢያስተምሩ ከብዙ ተጨማሪ ሰርተፍኬት የበለጠ ይጠቅማሉ። የምረቃ ሥራውን ለእውነተኛ ደንበኛ፣ በእውነተኛ ዋጋ ሸጦ እንዲያቀርብ የሚጠየቅ ተማሪ ከግቢ ሲወጣ የመጀመሪያው ደንበኛው ከኋላው ይሆናል።

አራተኛው እኛው ነን፤ አሠሪዎቹ። የጀማሪን ሥራ ተቀብሎ ገንዘቡን ማጓተት፣ «ልጅ ነው፤ ይታገሣል» ማለት፣ ሦስት ሰው ናሙና አሠርቶ አንዱንም ሳይከፍሉ ሐሳቡን መውሰድ በዚህ ከተማ የተለመደ ሆኗል። ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ይሉኝታውን የሚጠቀምበት አሠሪ ከይሉኝተኛው ወጣት ይልቅ በደለኛ ነው።

ስለ ገርጂዋ ልጅ ላጠናቅቅ። ሜኑው ከተሠራ በኋላ የካፌዋ ባለቤት እህት፣ የሠርግ ዲኮር የምትሠራ ሴት፣ ጠረጴዛው ላይ አየችውና ማን እንደሠራው ጠየቀች። ከዚያ አንድ የሕፃናት መዋያ ምልክት፣ ከዚያ የአንድ ጥርስ ሐኪም ካርድ ተከተሉ። አፕወርክ ላይም ተመልሳ ገብታለች፤ አሁን ግን የምታሳየው እውነተኛ ደንበኛ የከፈለባቸው ሥራዎች አሏት። የመጀመሪያዋን ሥራ ያስገኘላት አዲስ ሰርተፍኬት አልነበረም፤ አንድ ናሙና፣ አንድ ዓረፍተ ነገርና ሳትሽኮረመም የጠራችው አንድ ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምታነብ፣ ሙያ ይዘህ ቤት የተቀመጥህ ወንድሜ፣ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ዛሬ ማታ 20 ስም ጻፉ። ለአንዱ ናሙና ሥሩ። ዋጋችሁን አስሉና በቃላችሁ ያዙት። ስትጠየቁ «ደስ ያለዎትን» አትበሉ፤ ቁጥሩን ተናገሩ፣ ግማሹን ቀብድ ጠይቁ፣ ቀሪውን በወረቀት አስፍሩ። እናንተም ሥራ የምታሠሩ ሁሉ፣ ወጣት ባለሙያ ዋጋ ሲነግራችሁ እንደ ድፍረት አትቁጠሩበት፤ በቀጠሮው ቀን ክፈሉት። ላቡን የሸጠ ሰው ዋጋውን ቢናገር ነውር የለበትም።